የእንግዳው መምህር ፓስፖርት፤ አደራ ነውን ወይስ መያዣ?

ሰውን ፈጥሮ የማያውቀውን ላስተማረው ለአላህ ምስጋና ይገባው። ሰላምና እዝነት ታማኙ ተብለው በተጠሩት በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰባቸውና በባልንጀሮቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፥ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ በፊትህ የምናቀርበው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ የሚመስል፥ ሲመረምሩት ግን ወደ ትልቅ ነገር የሚያደርስ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር በመምህርነት በተቀጠረ ጊዜ፥ የቀጠረው ሰው ፓስፖርቱን ተቀብሎ በካዝናው ሊቆልፍበት ይገባዋልን? ይህን የሚያደርገው ሰው «አደራ ጠባቂ ነኝ» ይላል። እኛም ቃሉን ተቀብለን፥ በእርግጥ አደራ ጠባቂ መሆን አለመሆኑን እንመርምር።

ነገሩ የሚደረገው እንዲህ ነው። መምህሩ ከካይሮ ወይም ከካርቱም፥ ከማኒላ ወይም ከለንደን ተነሥቶ በባሕረ ሰላጤው ካሉት ከተሞች በአንዱ ሲደርስ፥ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ «የመኖሪያ ፈቃድ ልናወጣልህ ነው» ብሎ ፓስፖርቱን ይቀበለዋል። ይህ ተገቢ ነው፤ ፈቃዱ ያለ ፓስፖርት አይወጣምና። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ወጥቶ ለመምህሩ ይሰጠዋል፤ ፓስፖርቱ ግን አይመለስለትም። በጠየቀ ጊዜ «ከእኛ ዘንድ በደኅና ተቀምጦልሃል፥ አትሥጋ» ይባላል። ለዕረፍት ወደ አገሩ መሄድ በፈለገ ጊዜ ማመልከቻ ጽፎ፥ አንዳንድ ጊዜም የሥራ ባልንጀራውን ዋስ ጠርቶ ይቀበለዋል፤ ሲመለስም መልሶ ያስረክባል። በዚህ ሁኔታ ዓመታት ያልፋሉ፤ ነገሩም ከመለመዱ የተነሣ ነውር ነው የሚል ሰው ይጠፋል።

ይህን ጉዳይ በመምህራን ምሳሌ ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ልጆች ፊደል የቆጠሩት በብዙው ከውጭ በመጡ መምህራን እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ከፍልስጥኤም የተጠሩ መምህራን ኩዌት ገብተው የአገሩን ትምህርት በማደራጀት ረድተዋል፤ ከእነርሱም በኋላ ግብፃውያን፥ ሱዳናውያንና ዮርዳኖሳውያን በየአገሩ ተሰማርተዋል። ዛሬም በግል ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ብዙዎቹ ከህንድ፥ ከፓኪስታን፥ ከፊሊፒንስ፥ ከግብፅና ከእንግሊዝ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የዕውቀት ባለ ውለታን የሚነካ ነው። ደግሞም መምህሩ የተማረ፥ ውል ማንበብ የሚችል፥ አቤቱታ መጻፍ የሚያውቅ ሰው ነው። እርሱ በዚህ መንገድ ከተያዘ፥ የውሉን ቋንቋ የማያነበው የጉልበት ሠራተኛ እንዴት ይያዝ ይሆን? በላይኛው ላይ የተፈቀደ ነገር በታችኛው ላይ እጥፍ ሆኖ እንደሚወርድ አትርሳ።

አስቀድመን ፓስፖርት ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ፓስፖርት ሰውዬው ማን እንደ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣ፥ የማን ዜጋ እንደ ሆነ የሚመሰክር ሰነድ ነው። በብዙ አገሮች ፓስፖርት ላይ ሰነዱ የሰጪው መንግሥት ንብረት እንደ ሆነ ተጽፎ ይገኛል፤ ተሸካሚውም ያው ስሙ የተጻፈበት ሰው ብቻ ነው። በመካከላቸው ሦስተኛ ባለቤት የለም። አሠሪው ሰነዱን አልሰጠውም፥ አልገዛውም፥ አልወረሰውምም።

ይህ ሰነድ ከእጁ የወጣ እንግዳ ምን እንደሚያጣ አስብ። እናቱ ታማ ጥሪ ቢደርሰው፥ አሠሪው እስኪፈቅድለት ድረስ አውሮፕላን ሊሳፈር አይችልም። ደመወዙ ሦስት ወር ቢዘገይበት «እሄዳለሁ» ሊል አይደፍርም፤ የሚሄድበት መንገድ በሌላው ሰው ኪስ ውስጥ ነውና። የውሉ ዘመን ሲያልቅ ደግሞ «የሚገባኝን ሁሉ ተቀብያለሁ ብለህ ፈርም፤ ከዚያ ፓስፖርትህን ውሰድ» የሚባልበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ የአገልግሎቱን ካሳ ትቶ ይፈርማል። እንግዲህ ሰነዱ የሰውዬውን ድካም ዋጋ የሚያስለቅቅ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

አሠሪዎች ለዚህ ሥራቸው ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። ፍርድ ያለ ሁለት ወገን ቃል አይሰጥምና፥ እያንዳንዱን በተራው እንስማ።

የመጀመሪያው ምክንያታቸው «እንዳይጠፋ እንጠብቅለታለን» የሚል ነው። ይህ ቃል መልካም ነው፤ የሰውን ንብረት መጠበቅ ምንዳ ያለበት ሥራ ነውና። ነገር ግን አደራ በሸሪዓው ሊቃውንት ዘንድ ወሰኑ የታወቀ ነገር ነው። አደራ ማለት ባለቤቱ በገዛ ፈቃዱ የሚያስቀምጠው፥ በፈለገ ሰዓትም ያለ ምክንያት የሚቀበለው ነው። ጠባቂው በተጠየቀ ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ቢከለክል፥ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አደራ ጠባቂነቱ ይቀራል፤ ንብረቱ ቢጠፋም ይጠየቅበታል። ቁርአን በኒሳእ ምዕራፍ አደራን ለባለቤቱ መመለስን ሲያዝዝ፥ የባለቤቱን ዘር ወይም ሃይማኖት፥ አገሬነቱን ወይም እንግድነቱን አልለየም።

ነቢዩ (የአላህ ሰላምና እዝነት በእርሳቸው ላይ ይሁን) እ.ኤ.አ. በ622 ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ያደረጉትን አስታውስ። የመካ ሰዎች በሃይማኖታቸው ቢጠሏቸውም በታማኝነታቸው ስለማይጠራጠሩ ንብረታቸውን በእርሳቸው ዘንድ ያስቀምጡ ነበር። ሊገድሏቸው በተማከሩባት ሌሊት እንኳ እርሳቸው ያሰቡት የሰዎቹን አደራ ነው፤ የአጎታቸውን ልጅ ዐሊይን በመካ አስቀርተው፥ አደራው ሁሉ ለየባለቤቱ ከተመለሰ በኋላ እንዲከተላቸው አዘዙ። ንብረቱን በመያዣነት አስቀርተው «ቤቴንና አገሬን አስለቅቃችሁኛልና በዚህ እካሳለሁ» ለማለት ምክንያት አላጡም ነበር። ይሁን እንጂ አደራ የበቀል ወይም የድርድር መሣሪያ አይሆንም።

እንግዲህ ፈተናው ቀላል ነው። «አደራ ጠባቂ ነኝ» የሚለው አሠሪ፥ መምህሩ ዛሬ ከቀትር በኋላ መጥቶ «ፓስፖርቴን ስጠኝ» ቢለው ምን ያደርጋል? «እነሆ» ብሎ ከሰጠው በእውነት አደራ ጠባቂ ነው። «ለምን ፈለግኸው? ወዴት ልትሄድ ነው? ዋስ አምጣ» ካለው ግን፥ አደራ የሚለው ስም ለሌላ ሥራ የተደረበ ልብስ ነው።

ሁለተኛው ምክንያታቸው ከመጀመሪያው ይልቅ ግልጽ ነው። «ለቪዛው፥ ለአውሮፕላኑ፥ ለቤቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቻለሁ፤ በመካከል ጥሎኝ ቢሄድ ገንዘቤ ይቀልጣል፥ ልጆቹም በዓመቱ እኩሌታ ያለ መምህር ይቀራሉ» ይላሉ። ይህን ፍርሃት ከንቱ ነው ብለን አንንቀውም። በዓመቱ መካከል መምህሩ ያለ ማስጠንቀቂያ የተለየው ክፍል በእርግጥ ይጎዳል፤ ውሉን ያለ ምክንያት ያፈረሰ መምህርም በአላህ ዘንድ ተጠያቂ ነው። ቁርአን በማኢዳ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ውሎችን ስለ መሙላት ያዘዘው አሠሪውንም ሠራተኛውንም ነው።

ነገር ግን ይህን ያለ ሰው፥ የያዘው ነገር አደራ መሆኑን ትቶ መያዣ መሆኑን በገዛ አንደበቱ መሰከረ። መያዣ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። መያዣ የሚያዘው ለታወቀ ዕዳ ነው፤ ዕዳ በሌለበት መያዣ የለም። መምህሩ ገና ሥራውን ሲጀምር የማን ባለዕዳ ነው? የቪዛውና የመኖሪያ ፈቃዱ ወጪ ብድር አይደለም፤ የንግዱ ወጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሳዑዲ ዐረቢያ የሠራተኛ ሕግ በ40ኛው አንቀጹ የቅጥሩን፥ የመኖሪያ ፈቃዱንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ አሠሪው እንዲሸከም ደንግጓል። በሕግ በራስህ ላይ የወደቀውን ወጪ በሠራተኛህ ላይ እንደ ዕዳ ቆጥረህ መያዣ መያዝ ምን ይባላል?

ነጋዴ ሆይ፥ ይህን በራስህ ንግድ መዝነው። ጅምላ ሻጩ ዕቃ በዱቤ ሲሰጥህ፥ «ገንዘቤን እስክትከፍል» ብሎ የንግድ ፈቃድህንና የቤትህን ቁልፍ ወስዶ ቢቆልፍብህ ትስማማለህን? አንተ እኮ በእርግጥ ባለዕዳ ነህ፤ እንዲያም ሆኖ «ሰነድ እፈርምልሃለሁ፥ ዋስ እጠራልሃለሁ፥ ባልከፍል ክሰሰኝ» ትላለህ እንጂ መውጫ መግቢያህን አትሰጠውም። መምህሩ ግን ዕዳ ሳይኖርበት መውጫውን ሰጥቷል። ደግሞም የሰውዬው መሄጃ ሲያዝ የሚያዘው ወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ ያው ራሱ ሰውዬው ነው። ነፃ ሰው ደግሞ በመያዣ የሚያዝ ንብረት እንዳልሆነ የሸሪዓው ሊቃውንት አስረድተዋል። አላህ በፍርዱ ቀን ራሱ ከሳሽ ሆኖ የሚቆምባቸው ሦስት ሰዎች በሐዲስ ተነግረዋል፤ አንዱ በአላህ ስም ቃል ሰጥቶ ያፈረሰ፥ ሁለተኛው ነፃ ሰው ሽጦ ዋጋውን የበላ፥ ሦስተኛው ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሁሉ ካሠራው በኋላ ደመወዙን የከለከለ ነው። የመምህሩን ፓስፖርት ቆልፎ ደመወዙን የሚያዘገይና ካሳውን የሚያስለቅቅ ሰው፥ ከእነዚህ ከሦስቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ራሱን ይጠይቅ።

«ታዲያ ጥሎኝ እንዳይሄድ በምን እይዘዋለሁ?» ብትል መልሱ «በውል ያዘው» ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን የተወ ሠራተኛ ካሳ የሚከፍልበትን ሥርዓት የየአገሩ ሕግ አበጅቷል፤ ዳኛም አለ። ከዚያም በላይ በመልካም አያያዝ ያዘው። ነቢዩ ሙሳ (ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) ከግብፅ ሸሽተው መድየን በገቡ ጊዜ፥ ወረቀትም ዘመድም የሌላቸው እንግዳ ነበሩ። የመድየኑ ሽማግሌ ሲቀጥሯቸው የስምንት ዓመት ውል አቀረቡ፤ ዐሥር ቢሞሉም በሙሳ ፈቃድ እንዲሆን፥ ሊያስቸግሯቸው እንደማይሹም ተናገሩ። ሁለት ነገር ልብ በል። ዘመኑ አስቀድሞ ታውቋል፤ ከዘመኑ የሚያልፈው ደግሞ ለሠራተኛው ፈቃድ ተትቷል። ዘመኑም በተፈጸመ ጊዜ ሙሳ ቤተ ሰባቸውን ይዘው መንገዳቸውን ሄዱ፤ በር ላይ የቆመባቸው አልነበረም። ከሸሸ ሰው በላይ የሚያስፈራ ሠራተኛ የት ይገኛል? ሆኖም ሽማግሌው የያዟቸው በቃላቸውና በደግነታቸው ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያታቸው «እርሱ ራሱ ተስማምቶ ፈርሟል» የሚል ነው። ስምምነት በእርግጥ የውል ሁሉ መሠረት ነው፤ ነገር ግን ስምምነት የሚባለው እንቢ ለማለት የሚችል ሰው እሺ ሲል ነው። ቤቱን ዘግቶ፥ ሥራውን ለቆ፥ ባሕር ተሻግሮ፥ ለደላላ ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ሰው፥ በመጣ በሁለተኛው ቀን ወረቀት ቀርቦለት «ፈርም» ሲባል እንቢ ብሎ ወዴት ይሄዳል? እንቢ ማለት ያልቻለ እጅ የፈረመው ፊርማ ቀለም ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም።

የቀጠር ሕግ ይህን ጉዳይ የፈታበት መንገድ ከላይ ካስቀመጥነው ፈተና ጋር የሚገጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው 21ኛው ቁጥር ሕግ፥ አሠሪው የመኖሪያ ፈቃዱ እንደ ወጣ ፓስፖርቱን እንዲመልስ ያዝዛል፤ ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ «ጠብቁልኝ» ብሎ ቢጠይቅ መጠበቅን ይፈቅዳል፤ በጠየቀ ጊዜ ግን መመለስ ግዴታ ነው። ይህን የጣሰ እስከ 25,000 ሪያል ይቀጣል። እንግዲህ የዓለሙ ሕግም የአደራው ሕግም በአንድ ቃል ተገናኙ፤ በተጠየቀ ጊዜ መመለስ።

ሌሎቹም አገሮች ዝም አላሉም። የሳዑዲ ዐረቢያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው በ166ኛው ውሳኔ አሠሪዎች የሠራተኞችን ፓስፖርት እንዳይዙ ከልክሏል። የተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2002 በደብዳቤ ከልክሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሠራተኛ ሕግም በ13ኛው አንቀጹ ይህንኑ አጸና። የዓለም የሥራ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የግዳጅ ሥራ የሚታወቅባቸውን ዐሥራ አንድ ምልክቶች ሲዘረዝር፥ የመታወቂያ ሰነድን መያዝ ከእነርሱ አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል።

«ሕጉ እንዲህ ከሆነ ልማዱ ለምን ቀረ አልተባለም?» ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው። በከፋላ ሥርዓት የእንግዳው መኖሪያ ፈቃድ በአንድ አሠሪ ስም ላይ የታሰረ ነው፤ አሠሪው «ሸሽቷል» ብሎ ቢያመለክትበት በሕግ የገባው ሰው በአንድ ቀን ሕገ ወጥ ይሆናል። ስለዚህ ሰነዱን ለማስመለስ የሚከሰው ሰው፥ ሰነዱን ባገኘበት እጁ ሥራውን እንዳያጣ ይፈራል። ሳዑዲ ዐረቢያ ከመጋቢት 14 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሠራተኛ ሕጉ ሥር ያሉ እንግዶች ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ የሚለውጡበትንና ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ከፍታለች፤ ይህ የሚመሰገን እርምጃ ነው። ነገር ግን የቤት ሠራተኞች፥ የቤት ሾፌሮች፥ የቤት ጠባቂዎች፥ አትክልተኞችና እረኞች ከዚህ ውጭ ቀሩ። ደግሞም መውጫው በሕግ ቢከፈት፥ ፓስፖርቱ በካዝና ያለበት ሰው የተከፈተውን በር ከሩቅ ያየዋል እንጂ አያልፍበትም።

ደግሞም ይህ በደል የዐረቦች ብቻ ነው ብለህ እንዳታስብ። ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ከ300 የሚበልጡ የፊሊፒንስ መምህራን በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት በሚገኙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ ተቀጠሩ። እያንዳንዳቸው ወደ 16,000 ዶላር ለቅጥር ደላላ እንደ ከፈሉ፥ ቀሪውን ክፍያ እስኪከፍሉም ፓስፖርትና ቪዛቸው እንደ ተያዘባቸው በክሳቸው አመለከቱ። ጉዳዩ በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ታይቶ፥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 የቅጥር ድርጅቱ ለመምህራኑ 4.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። እንግዲህ ስግብግብነት አገር የለውም፤ ሃይማኖትም የለውም። ነገር ግን ስለ አደራ በየጁምዓው የሚሰማ ሕዝብ፥ ከሌላው ይልቅ አጥብቆ ይጠየቅበታል።

አሁን ደግሞ ስለ ልጆቹ እናስብ። መምህሩ በጠዋት ክፍል ገብቶ ስለ እውነትና ስለ አደራ ያስተምራል፤ ከእርሱ ክፍል ጥቂት እርምጃ ርቆ ደግሞ የገዛ ሰነዱ በካዝና ተቆልፏል። ልጆች የሚማሩት ከመጽሐፉ ብቻ አይደለም። «የእኛ መምህር የባለ ትምህርት ቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ አገሩ ሊሄድ አይችልም» የሚለውን ነገር በሰሙ ጊዜ፥ ዕውቀት ክብር እንደማያድን፥ ሀብት ግን ሰውን እንደሚያዝ ይማራሉ። ይህ ትምህርት በፈተና አይጠየቅም፤ ዕድሜ ልክ ግን አይረሳም።

የበድርን ምርኮኞች ነገር አታውቅምን? እ.ኤ.አ. በ624 ሙስሊሞች በበድር ድል ባደረጉ ጊዜ ከጠላት ወገን ብዙ ሰዎች ተማረኩ። ከእነርሱም መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ የሌላቸው፥ መጻፍ ግን የሚያውቁ ነበሩ። ነቢዩም እነዚህ ሰዎች የመዲናን ልጆች መጻፍ እንዲያስተምሩ፥ ማስተማራቸውም ቤዛ ሆኖላቸው ነፃ እንዲወጡ አደረጉ፤ ለእያንዳንዱ ዐሥር ዐሥር ልጅ እንደ ደረሰው ተዘግቧል። አስተውል፤ እነዚህ ሰዎች ሰይፍ ይዘው የመጡ ጠላቶች ነበሩ። ማስተማራቸው ግን ነፃ አወጣቸው፤ ትምህርቱ ሲያልቅ በሩ ተከፈተ። በሰላም፥ በውልና በቪዛ የመጣውን መምህር ማስተማሩ የሚያስረው ከሆነ፥ እኛ ለወዳጃችን ያደረግነው ለጠላት ከተደረገው አነሰ ማለት ነው። ለዚህ ምን መልስ አለን?

ምናልባት «ይህ የትምህርት ቤት ባለቤቶች ጉዳይ ነው፥ እኔን አይመለከተኝም» ትል ይሆናል። ይመለከትሃል። ከነቢይነት በፊት በነበረው ዘመን አንድ የየመን ነጋዴ ዕቃውን ይዞ መካ መጣ፤ ከከተማይቱ ታላላቆች አንዱ ዕቃውን ተቀብሎ ዋጋውን ከለከለው። ነጋዴውም ወገን ስላልነበረው በአደባባይ ጮኸ። በዚያን ጊዜ ከቁረይሽ ነገዶች የተወሰኑት በዐብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፥ የተበደለ ሰው ሁሉ፥ የአገሩ ልጅ ቢሆን ወይም እንግዳ፥ መብቱ እስኪመለስለት ድረስ በአንድነት ሊቆሙለት ተማማሉ። ይህም ቃል ኪዳን ሒልፍ አል ፉዱል ይባላል። ነቢያችንም በወጣትነታቸው በዚያ ተገኝተው ነበር፤ ነቢይ ከሆኑም በኋላ ለእንዲህ ያለ ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። የተማማሉት ሰዎች ዕቃውን ያልወሰዱት ነበሩ፤ ነገር ግን በከተማቸው እንግዳ ሲበደል ዝም ማለት የከተማው ሁሉ ነውር መሆኑን ዐወቁ።

ስለዚህ አንተ ልጅህን በግል ትምህርት ቤት የምታስተምር አባት፥ ስለ ክፍያውና ስለ ፈተናው እንደምትጠይቅ ሁሉ «የመምህራኑ ፓስፖርት በማን እጅ ነው?» ብለህ ጠይቅ። የብዙ ወላጆች ጥያቄ ከአንድ መምህር አቤቱታ ይልቅ ይሰማል፤ ጠያቂውን ወላጅ ማንም ከአገር አያስወጣውምና። አንተ ሠራተኛ የምትቀጥር ነጋዴ፥ ለሥራህ የሚያስፈልገው የሰነዱ ግልባጭ ነው፤ ግልባጩን በመዝገብህ አስቀምጥ፥ ዋናውን ለባለቤቱ ስጥ። ለመንግሥት ጉዳይ መውሰድ ካስፈለገህ የወሰድህበትንና የምትመልስበትን ቀን ጽፈህ፥ ፈርመህ ስጠው። ራሱ «ጠብቅልኝ» ያለህ ካለ ደግሞ ቁልፉ ከእርሱ ዘንድ የሚሆን ሳጥን አብጅለት።

በአገራችንም ልጆቻቸውን ወደ ጂዳ፥ ወደ ሪያድ፥ ወደ ቤይሩትና ወደ ዱባይ የላኩ ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት መምህራን ሳይሆኑ የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ በእነርሱም ላይ ያለው ቁልፍ ከመምህሩ ይልቅ የጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 189ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት የቤት ሠራተኞች የጉዞና የመታወቂያ ሰነዳቸውን በእጃቸው ለመያዝ መብት እንዳላቸው በ9ኛው አንቀጹ ያስረዳል። እናንተ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ከመሄዷ በፊት የፓስፖርቷን፥ የቪዛዋንና የውሏን ግልባጭ በቤታችሁ አስቀሩ፤ ቁጥሩንም በሌላ ወረቀት ጻፉ። ዋናው ቢያዝባት እንኳ በኤምባሲው በር ስትቆም ማን እንደ ሆነች የምታስረዳበት አታጣም። ደግሞም «ያስረከብሁት በፈቃዴ ነው» የሚል ወረቀት ሳታነብ እንዳትፈርም ምከሯት።

የሐበሻውን ንጉሥ ነጃሺን ታሪክ ሙስሊም ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ሸሽተው የመጡትን ስደተኞች ተቀበለ፤ ሊወስዷቸው ስጦታ ይዘው ለመጡት መልእክተኞች አሳልፎ አልሰጠም። ይህ የታሪኩ እኩሌታ ብቻ ነው። እኩሌታው ደግሞ ሊሄዱ በፈለጉ ጊዜ ያደረገው ነው። «መጠጊያ ሰጥቻችኋለሁና ውለታዬን ክፈሉ» ብሎ አልያዛቸውም፤ በሂጅራ በሰባተኛው ዓመት በሁለት መርከብ አሳፍሮ ወደ ወገኖቻቸው ሸኛቸው። እንግዳን ማክበር ማለት በር ከፍቶ ማስገባት ብቻ አይደለም፤ መሄድ ሲፈልግም በሩን ከፍቶ መሸኘት ነው። ይህ በምድራችን የተሠራ መልካም ሥራ ስለ ሆነ፥ እኛ ከሌላው ይልቅ ልናስበው ይገባናል።

አንባቢ ሆይ፥ በካዝናህ የሌላ ሰው ፓስፖርት ካለ፥ ይህን ጽሑፍ ካነበብህ በኋላ ብዙ መመራመር አያስፈልግህም። ባለቤቱ እስኪጠይቅህ አትጠብቅ፤ ጠያቂ ሊሆን ያልደፈረው ፈርቶህ ሊሆን ይችላልና። የዛሬዋ ፀሐይ ሳትገባ መልስለት። ቢሄድ አላህ የተሻለ ይተካልሃል፤ ቢቀር ደግሞ የቀረልህ ሰው እንጂ ወረቀት አይደለም።

አላህ አደራን ከሚመልሱት፥ ውልን ከሚሞሉት፥ እንግዳን ከማይበድሉት ወገን ያድርገን። በስደት ያሉትንም ልጆቻችንን በሰላም ወደየቤታቸው ይመልስልን። አሚን።